ረጅም መንገድ፣ ትንሽ ነዳጅ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቧት። ፊዚክስ ሲባል የምትሸሹ ልጆች አትሽሹ፣ ፈተና የለውም። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት የቤት ሥራ አለች።

ነገሩ ስለ ነዳጅ ነው። ስለ ነዳጅ ደግሞ ለሐራ፣ ለመርሳ፣ ለወልድያ ሰው ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲሸጥ አይተናል። የባጃጅ ሹፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ ሲንደረደርም አይተናል። ሰማይ ላይ ግን ሃይላንድም የለም። ሳተላይት ከምድር ሲነሳ የያዘውን ነዳጅ ይዞ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው፤ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር መንገድ ላይ የሚቀዳለት የለም። ስለዚህ የሕዋ መሐንዲሶች መቶ ዓመት ሙሉ የተጨነቁበት ጥያቄ ከባጃጅ ሹፌሩ ጥያቄ ብዙም አይርቅም፦ በትንሽ ነዳጅ እንዴት ብዙ እሄዳለሁ?

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ከፈለገ ኮመንት ላይ ይናገር። ዛሬ ዲሽ ሠሪ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገሩ ሰው ሁሉ ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲያዞር ሥራው ደራለት። ናይልሳት ከእኛ ወደ ምዕራብ ነው፣ ኢትዮሳት ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ። እሱ ይሄንን ያለ ኮምፓስ በእጁ ያውቀዋል። አንድ ማታ በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ዲሽ የምናዞርለት ሳተላይት ነዳጅ አለው እንዴ? ካለውስ ሲያልቅበት ይወድቃል?»

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ጠይቆኝ አያውቅም። ጣሪያ ላይ መውጣት ያስተምራል መሰለኝ። መልሱ በቴሌግራም የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ አመጣሁት።

መጀመሪያ ሳተላይቱን እንወቀው። ኢትዮሳት የምንለው የቻናሎቹ መድረክ ስም ነው። ሰማይ ላይ ያለው ዕቃ ኤንኤስኤስ-12 ይባላል፤ ንብረትነቱም የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 በደቡብ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ ጉያና ውስጥ ካለው የኩሩ ማስወንጨፊያ በአሪያን 5 ሮኬት ወጣ። ሲነሳ ከ5 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። አሁን ከምድር ወገብ በላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ምድር አንዴ ስትዞር እሱም አንዴ ስለሚዞር ግን ለእኛ የቆመ ይመስለናል። ባይቆምልን ኖሮ ዲሻችን እንደ ሱፍ አበባ ቀኑን ሙሉ መዞር ነበረበት።

ይወድቃል ወይ? አይወድቅም። እዚያ ከፍታ ላይ የሚይዘው አየር የለም፤ ሞተሩ ቢጠፋም መዞሩን ይቀጥላል። ነዳጁ የሚያስፈልገው እንዳይወድቅ ሳይሆን ቦታውን እንዳይለቅ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ቀስ እያሉ ምህዋሩን ያጋድሉታል። ይሄን ለማረም በዓመት 50 ሜትር በሰከንድ ያህል የፍጥነት ለውጥ ማድረግ አለበት። ካላረመ በየዓመቱ አንድ ዲግሪ ለማይሞላ ያህል እያጋደለ ይሄዳል። ያኔ ሳተላይቱ በየቀኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲወዛወዝ ይውላል። ዲሽ ሠሪዎች፣ ስሙኝ፦ ጠዋት አስተካክላችሁ የሄዳችሁት ሲግናል ማታ ጠፋ ተብሎ ይደወልላችኋል ማለት ነው።

ነዳጁ ሊያልቅ ሲልስ? የመጨረሻዋን ጥቂት ነዳጅ ተጠቅመው ወደ ላይ ነው የሚገፉት፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል። ለሌሎች መንገድ ይለቃል፣ እዚያው ጡረታ ይወጣል። «ለምን ወደ ምድር አያወርዱትም?» ትሉ ይሆናል። ሂሳቡን እዩት። ወደ ምድር ለማውረድ 1,500 ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። 300 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት ግን 11 ሜትር በሰከንድ ብቻ ይበቃል። መውረድ ከመውጣት ከ130 ጊዜ በላይ ይወደዳል!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የዛሬው ትምህርት ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ምድር ላይ ነዳጅ የምንከፍለው ለኪሎ ሜትር ነው። ሐራ ወልድያ ይሄን ያህል፣ ሐራ ደሴ ይሄን ያህል እንላለን። ሰማይ ላይ ርቀት በነጻ ነው። አንዴ ከተወረወርክ ሞተርህን አጥፍተህ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። የሚከፈልበት ፍጥነትን መቀየር ነው፤ መጨመርም፣ መቀነስም፣ መታጠፍም። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ርካሹ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ርካሹ ረጅሙ ነው።

ክፍያው ደግሞ ቀላል አይደለም። ተራ የሮኬት ሞተር ያለው ሳተላይት ፍጥነቱን በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ለመቀየር ከ100 ኪሎ ክብደቱ 38 ኪሎ ያህሉን ማቃጠል አለበት። እጥፍ ለውጥ ከፈለገ እጥፍ ነዳጅ አይበቃውም፣ ነዳጁን ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይፈልጋልና። የጫነውን ናፍጣ እየጠጣ የሚሄድ ቦቴ አስቡ። ይሄን ሂሳብ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ ነው፤ እሱም መምህር ነበር። (ለእኛ ለመምህራን የምትሆን አንዲት የኩራት ምክንያት!)

እሺ፣ ከዝቅተኛ ምህዋር ወደ ከፍተኛው በትንሽ ክፍያ እንዴት ይወጣል? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመው ዋልተር ሆህማን የተባለ ጀርመናዊ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ያኔ ሳተላይት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ዘዴው ሁለት ግፊት ብቻ ነው። በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር መንኮራኩር ፍጥነቷ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ነው። ወደፊት ትገፋና 2.4 ትጨምራለች። ከዚያ ሞተር ይጠፋል። ክቡ ምህዋር ሞላላ ይሆናል፣ እሷም አምስት ሰዓት ከሩብ ያህል ዝም ብላ ትወጣለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ወደ 1.6 ወርዷል። እዚያ ሁለተኛውን ግፊት፣ 1.5 ያህል፣ ትጨምርና በ3.1 ገደማ ክብ ምህዋር ላይ ትረጋለች። አለቀ።

ክፍል ውስጥ እዚህ ስደርስ ሁሌ አንድ እጅ ይወጣል። «ቲቸር፣ ሁለት ጊዜ ቤንዚን ረግጣ እንዴት ፍጥነቷ ቀነሰ? በ7.7 ጀምራ በ3.1 ጨረሰች!» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወደ ላይ የወረወራችሁት ድንጋይ እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዝ የለ? ፍጥነቱ ከፍታ ሆነ እንጂ አልጠፋም። የከፈለችው ነዳጅ ከፍታ ገዝቶላታል።

አሁን ወደ መታጠፍ እንምጣ፣ ሰማይ ላይ ውዱ ነገር እሱ ነው። ምህዋርን እንደ ሰፌድ አስቡት፣ ሳተላይቱ በጠርዙ ይዞራል። ሰፌዱን ማጋደል ከፈለጋችሁ የሳተላይቱን አቅጣጫ መቀየር አለባችሁ። 60 ዲግሪ ለማጋደል የሚከፈለው የፍጥነት ለውጥ ከራሱ ከሳተላይቱ ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ዝቅ ብሎ በ7.7 የሚሮጥ ከሆነ 7.7 ይከፍላል፤ ማንም የማይችለው ዕዳ ነው። ያው የባጃጅ ሹፌር ግን መልሱን ያውቃል፦ ኩርባ ላይ ቀዝቀዝ በል። ሳተላይትም የሚቀዘቅዘው ሲርቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሩቅ ውጣ፣ እዚያ ስትዘገይ ታጠፍ። የኢትዮሳታችን ሮኬት ከኩሩ መነሳቱም ለዚሁ ነው። ኩሩ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ የሚታጠፈው ትንሽ ነው።

ለዚህ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኤሺያሳት 3 የተባለ የቴሌቪዥን ሳተላይት ካዛኪስታን ውስጥ ካለው ባይኮኑር ተወነጨፈ። የሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል መሥራት ባለበት ሰዓት አልሠራም። ሳተላይቱ 51 ዲግሪ ያህል ባጋደለ፣ ለቴሌቪዥን በማይሆን ሞላላ ምህዋር ላይ ቀረ። ሙሉ ኪሳራ ነው ተብሎ የኢንሹራንስ ክፍያ ተከፈለበት። የያዘው ነዳጅ ምህዋሩን በቀጥታ ለማቃናት አይበቃም ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ሌላ መንገድ አሰቡ፦ ወደ ጨረቃ እንላከው! ሰፈሩ ለመድረስ ከአሥር እጥፍ በላይ ርቆ ሄደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ እና በጁን 1998 ሁለት ጊዜ በጨረቃ አጠገብ አለፈ። የጨረቃ ስበት አቅጣጫውን በነጻ አጠፈለት። ተመልሶም ከምድር ጋር እኩል የሚዞርበት ምህዋር ላይ ገባ። በአጭሩ መንገድ የሞተው በረጅሙ መንገድ ዳነ።

ትዕግሥት ዋጋ እንደሚቀንስ በሌላ ሂሳብ ላሳያችሁ። ኢትዮሳት ካለበት ከፍታ ላይ አንድን ሳተላይት 50 ዲግሪ ወደ ጎን ማዛወር ተፈለገ እንበል። በ10 ቀን ይድረስ ካልን ለመነሳትና ለመቆም በድምሩ 28 ሜትር በሰከንድ ያህል ይከፍላል። በ50 ቀን ይድረስ ካልን ከ6 ያነሰ ነው። ቦታው ያው፣ ሳተላይቱ ያው። ልዩነቱ 40 ቀን መታገስ ብቻ ነው።

ከዚህም የባሰ ታጋሽ አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 አውሮፓውያን ስማርት-1 የተባለች ትንሽ መንኮራኩር ላኩ። ሞተሯ ዜኖን የተባለውን ጋዝ በፀሐይ ኤሌክትሪክ እየገፋ የሚያስወጣ ነው። ግፊቱ ምን ያህል ይመስላችኋል? አንድ ሁለት ወረቀት መዳፋችሁ ላይ ቢቀመጥ የሚሰማችሁን ያህል! በዚህች ግፊት ምድርን እየዞረች፣ ቀስ በቀስ እየሰፋች፣ ከ13 ወር በላይ ፈጅታ በኖቬምበር 2004 ጨረቃ ምህዋር ገባች። ይዛው የተነሳችው ዜኖን 80 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ እንዲህ እየጠመዘዙ መውጣት ከሆህማን መንገድ ይልቅ ብዙ የፍጥነት ለውጥ ይጠይቃል። ነገር ግን ጋዙ ከሞተሩ የሚወጣበት ፍጥነት ከተራው ሮኬት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በመጨረሻ የሚበላው ክብደት ያንሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ግን የእኛው ነው። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ትዝ ትላችኋለች? 72 ኪሎ፣ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ። ሥራዋ መሬትን ፎቶ ማንሳት ነበር። ለፎቶ ደግሞ ብርሃኑ ሁሌ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ማለፍ ማለት ነው። ለዚህ ምድር ፀሐይን ስትዞር የምህዋሯ ሰፌድም አብሮ መዞር አለበት፣ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል። በሞተር ይሁን ቢባል በየቀኑ 130 ሜትር በሰከንድ ያህል፣ በዓመት 47 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጠይቃል። እንኳን 72 ኪሎ ሳተላይት የዓለም ሮኬት ተሰብስቦም አይችለውም።

ታዲያ ማን አዞረላት? ምድር ራሷ። ምድር ድፍን ኳስ አይደለችም፣ ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች። በወገቧ የሚለካው ስፋት ከዋልታ እስከ ዋልታ ካለው በ43 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ይሄ ውፍረት የሳተላይቱን ምህዋር ይጎትተዋል። ምህዋሩን ከወገብ 98 ዲግሪ ገደማ አጋድላችሁ ካስቀመጣችሁት ጉተታው ልክ የሚፈለገውን ያህል ያዞረዋል፣ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ። መጀመሪያ ላይ ትክክለኛውን ዝንባሌ መምረጥ፣ ከዚያ ለምድር መተው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ለልጁ በድምፅ ላክሁለት፤ ሰባት ድምፅ ሆነ። ሰምቶ ሲጨርስ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ዋናውም እሱ ነበር መሰለኝ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ በግል ተመዝግቤ እንደገና ብፈተንስ? ወይስ ጊዜዬ ሄደ?»

ይሄ ልጅ 11ኛ ክፍል መሆን በነበረበት ዓመት ጦርነቱ ሰፈራችን ነበር። ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታህሳስ የሆነውን የሐብሩና የወልድያ ሰው ያውቀዋል፤ አልደግመውም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። ያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 3.2 በመቶው ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡበት ነው። እሱ ለሬሜዲያልም አልበቃም። ከዚያ መሰላል ተሸክሞ ዲሽ ማዞር ጀመረ፤ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያኖረው በእሱ ነው።

«አይዞህ፣ ኤሺያሳትም በጨረቃ ዞሮ ገብቷል» ብዬ ልልከው ጣቴ ስክሪኑ ላይ ነበር። ቆም አልኩ። ሰው ሳተላይት አይደለማ! አፖሎ 11 ጨረቃ ምህዋር የገባው በ13 ወር ሳይሆን በሦስት ቀን ገደማ ነው። ለምን? ውስጡ ሰው ነበረ። ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል። ስማርት-1 ያን ሁሉ ወር የታገሰችው ፀሐይ በየቀኑ ኤሌክትሪክ ስለሰጠቻት ነው። የሚያኖራት ባይኖር ትዕግሥቷ ለምንም አይጠቅማትም ነበር። እናቱ ከእጁ የምትጠብቅን ልጅ «ታገስ» ማለት ቀላል ነው፤ ከማን እየበላ ይታገስ?

ስለዚህ የመለስኩለት ይሄን ነው። ጊዜህ አልሄደም። ዲሹን ግን እንዳትተው፣ ፀሐይህ እሱ ነው። ሥራህን ትተህ አንድ ዓመት ሙሉ ላጥና ካልክ ነዳጅህ መንገድ ላይ ያልቃል። በየማታው ሁለት ሰዓት፣ እንደ ዜኖኗ ትንሽ ትንሽ። በአንድ ዓመት ካልሆነ በሁለት። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ፣ ሒሳብና ፊዚክሱን አብረን እንሠራለን።

ይሄን ሳወራ እንደ እሱ ያሉ ሌሎችም መጡ፤ አሁን ስድስት ሆነዋል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሻይ ቤት ትሠራለች፣ አንዷ ልጅ አዝላ ነው የምትመጣው። እናንተ ደግሞ፣ ከእጄ ወጥታችሁ አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ከአገር ውጭም ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ገንዘብ አልጠይቃችሁም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የወጣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ የቆየ የፈተና ወረቀት፣ የማትጠቀሙበት ካልኩሌተር ካላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልን። ቅርብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ አንድ ምዕራፍ አስተምሩልኝ። በተለይ እንግሊዝኛ የሚችል እፈልጋለሁ፣ የእኔን ታውቁታላችሁ።

የቤት ሥራው ይሄው፦ ሳተላይታችን 57 ዲግሪ ላይ አለ። ከፊት ለፊቱ ወደ ምሥራቅ ወዳለው ቦታ ቀድሞ እንዲሄድ ተፈለገ። ወደፊት እንግፋው ወይስ ብሬክ እናስይዘው? ፍንጭ፦ ዝቅ ያለ ምህዋር ፈጣን ነው። መልሱን ከነምክንያቱ ኮመንት ላይ። የስድስቱ ልጆች መልስ እኔ ጋ አለ፤ አራቱ አግኝተውታል።